ጎልፍ ከ50 ዓመት በኋላ፦ ወገብን መጠበቅ፣ ለፕሮፌሽናሎች ደግሞ ቀጣዩን ምዕራፍ ማዘጋጀት

ዕድሜው የገፋ የጎልፍ ተጫዋች ከሜዳ የሚርቀው ብዙ ጊዜ በወገብ ሕመም ነው። ጥፋቱ ግን የወገቡ ላይሆን ይችላል። የወገብ አንጓዎች የተሠሩት ለመታጠፍና ለመቃናት እንጂ ለመጠምዘዝ አይደለም፤ አምስቱም ተደምረው ወደ አንድ ወገን የሚዞሩት ከ10 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ዱላው ወደ ኋላ ሲነሣ የሚያስፈልገው መዞር ከዳሌና ከላይኛው ጀርባ መምጣት አለበት። ዕድሜ ሲጨምር ቀድመው የሚደርቁት ደግሞ እነዚሁ ሁለቱ ናቸው። እነሱ ያልሰጡትን ዙረት ወገብ ይሸፍናል፤ በአንድ ምት ባይታወቅም በመቶኛው ይታወቃል።

ራስን ለመፈተሽ ወንበር ላይ ይቀመጡ፣ ጉልበትዎን ገጥመው ዱላውን ደረትዎ ላይ በተጣመሩ ክንዶች ይያዙ፣ ከዚያ ዳሌዎን ሳያንቀሳቅሱ ወደ ቀኝና ወደ ግራ ይዙሩ። በሁለቱም ወገን ወደ 45 ዲግሪ ከደረሱ ደህና ነው። አንዱ ወገን በጣም ካነሰ፣ ስዊንግዎን (ዱላውን አወዛውዞ የመምታት እንቅስቃሴዎን) በጉልበት ከማስረዘም ይልቅ አቋቋምዎን ይቀይሩ።

ለውጡ የሚጀምረው ከእግር ነው። ለቀኝ እጅ ተጫዋች የግራ እግር ጣቶችን ከ20 እስከ 30 ዲግሪ ወደ ዒላማው ማዞር፣ የቀኙንም ትንሽ ወደ ውጭ መክፈት ዳሌው በቀላሉ እንዲዞር ያደርጋል። ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ የግራ ተረከዝ ከመሬት ቢነሣ ይነሣ፤ ዝነኛው አሜሪካዊ ተጫዋች ጃክ ኒክላውስ በወጣትነቱም ተረከዙን እያነሣ ነው የተጫወተው። ተረከዝን መሬት ላይ ቸክሎ፣ ዳሌን አስሮ፣ ትከሻን ብቻ ማዞር ለወጣት ባለሙያ ርቀት ሊጨምርለት ይችላል፤ ለ65 ዓመት ወገብ ግን ዋጋው ከባድ ነው። ሌላው አደጋ ያለው አጨራረስ ላይ ነው። ኳሱ ከሄደ በኋላ ዳሌ ወደ ፊት ተገፍቶ ደረት ወደ ኋላ ከቀረ፣ የወገብ መገጣጠሚያዎች በአንድ ጎን ይጨፈለቃሉ። ሲጨርሱ ደረትዎ ወደ ዒላማው ዞሮ፣ ክብደትዎ በሙሉ የፊት እግር (ወደ ዒላማው ያለው) ላይ አርፎ፣ ቀጥ ብለው መቆም አለብዎ። ሦስት ሰከንድ ያህል ሳይወዛወዙ መቆም ካቃተዎት ከአቅምዎ በላይ መትተዋል ማለት ነው።

ማሟሟቅን ብዙዎች በሁለት የዱላ ውዝወዛ ይጨርሱታል። አስር ደቂቃ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ሦስትና አራት ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ፤ ቀጥሎ አንድ እጅ ዱላ ላይ ተደግፎ እያንዳንዱን እግር ወደ ፊትና ወደ ኋላ አስር አስር ጊዜ ማወዛወዝ፤ ከዚያ ዱላን ትከሻ ላይ አድርጎ ቀስ ብሎ መዞር፣ ክንድን ማሽከርከር። ኳስ መምታት የሚጀመረው ለአጭር ምት በሚሆነው ዱላ፣ በዌጅ፣ በግማሽ ስዊንግ ነው፤ ወደ መካከለኛ አይረን (ባለ ብረት ጭንቅላት ዱላ)፣ በመጨረሻም ለረጅሙ ምት ወደሚሆነው ድራይቨር ይኬዳል። ጡንቻን ወጥሮ ረጅም ጊዜ መያዝ ከጨዋታ በኋላ የሚሠራ ነው፤ ከጨዋታ በፊት ለጊዜው ጉልበት ይቀንሳል።

ክርንና የእጅ አንጓ የሚጎዱት በአብዛኛው በልምምድ ቦታ ነው። ከሥሩ ሲሚንቶ ያለው ምንጣፍ ላይ ኳሱን ወደ ታች ሲመቱ ንዝረቱ በቀጥታ ወደ ክርን ጅማት ይወጣል። ሣር ካለ ሣር ላይ፣ ከሌለ ኳሱን አጭር ቲ (ኳስ የሚቀመጥባት ትንሽ ችካል) ላይ አስቀምጦ መለማመድ ይሻላል። በአንድ ጊዜ ከ40 ኳስ በላይ በሙሉ ስዊንግ አይምቱ፤ የቀረውን ጊዜ ለአጭር ምትና ኳስ ወደ ቀዳዳ ለሚያንከባልሉበት ዱላ፣ ለፑተር፣ ይስጡት። ግሪፕዎ (የዱላው መጨበጫ) አርጅቶ የሚያንሸራትት ከሆነ ሳያስቡት አጥብቀው ይጨብጣሉ፤ የክርን ሕመም አንዱ ምንጭ ይኸው ነው። አዲስና በመጠኑ ወፈር ያለ ግሪፕ ያስገጥሙ፤ የጣት አንጓ ሕመም ላለበት ሰው ልዩነቱ ወዲያው ይታወቃል። የብረት ሻፍትን (የዱላውን ዘንግ) በግራፋይት መቀየር ንዝረትን ይቀንሳል። ባለ 3፣ ባለ 4 እና ባለ 5 አይረንን ለመምታት በሚቀልለው ሀይብሪድ በተባለው ዱላ ቢተኩ፣ ኳሱ ያለ ትግል ወደ ላይ ይወጣል። ድራይቨርም የፊቱ ዘንበልታ ዲግሪ ከፍ ያለ፣ ከ10.5 እስከ 12 ቢሆን፣ ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው የበለጠ ርቀት ይሰጣል።

የመጀመሪያው ምት የሚመታበትን ቦታ (ይህም ቲ ይባላል) መምረጥም ከጤና ጋር የተያያዘ ነው። ሜዳው ከረዘመ በያንዳንዱ ቀዳዳ በሙሉ ኃይል ለመምታት ይገደዳሉ። ቀላል ስሌት አለ፦ በባለ 5 አይረን የሚመቱትን ርቀት በ36 ያባዙ። 130 ያርድ ከሆነ ከ4,700 ያርድ ገደማ ያልበለጠ ሜዳ ለእርስዎ ይበቃል ማለት ነው። ወደ ፊተኛው ቲ መሄድን እንደ ውርደት የሚያዩ ሰዎች ያሳዝናሉ፤ ግሪኑን (ቀዳዳው ያለበትን አጭር ሣር) በሁለተኛው ምት ማግኘት የጨዋታው ትልቁ ደስታ ነው፣ ያንን ራስን መንፈግ ትርጉም የለውም።

ኳስ ከቀዳዳ ሲያወጡ በሁለት እግር ቆመው ጎንበስ አይበሉ። በግራ እጅዎ ፑተሩን ተደግፈው፣ አንዱን እግር ወደ ኋላ እያነሡ፣ ጀርባዎ ቀጥ እንዳለ ዝቅ ይበሉ። ቦርሳን በትከሻ ከመሸከም ባለሦስት ጎማ ጋሪ ይሻላል፤ ከኋላ ከመጎተት ደግሞ ከፊት መግፋት፣ ምክንያቱም በአንድ እጅ ሲጎተት ትከሻና ወገብ ይጠመዘዛሉ። በጎልፍ መኪና ከሄዱ ተዳፋትን በቀጥታ ይውጡ፣ በቀጥታ ይውረዱ፤ በእርጥብ ሣር ላይ ጎን ለጎን መታጠፍ መኪናውን ይገለብጠዋል።

አሥራ ስምንት ቀዳዳ በእግር መጫወት ከ8 እስከ 10 ኪሎ ሜትር መሄድ ነው፤ አራት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለልብ ጥሩ ነው፣ ነገር ግን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጥቂት ነገሮች ማወቅ አለበት። ቤታ ብሎከር የሚባለው የልብና የደም ግፊት መድኃኒት የልብ ምትን ስለሚያቀዘቅዝ የልብ ምት ቆጣሪ የድካምዎን ልክ አይነግርዎትም፤ ዳገት ላይ እየሄዱ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተዎት ያቁሙ። ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች በሙቀት ቀን ሰውነትን ያደርቃሉ፤ ቲ ሊተክሉ ጎንበስ ብለው ቀና ሲሉ የሚያዞርዎት አንዳንዴ በዚህ ነው። ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው ከመጀመሩ በፊትና ከዘጠነኛው ቀዳዳ በኋላ ስኳሩን ይለካ፤ ፈጣን ስኳር ቦርሳው ውስጥ ሳይሆን ኪሱ ውስጥ ይኑር። ደረት ላይ መጫን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም፣ ቀዝቃዛ ላብ ከመጣ ጨዋታው እዚያው ያበቃል፤ ተቀምጦ አስቸኳይ እርዳታ መጥራት ነው። ኤኢዲ የሚባለው፣ ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስነሣው መሣሪያ ክለቡ ውስጥ የት እንደተሰቀለ አስቀድመው ይጠይቁ።

መነጽርም ችግር ያመጣል። ለሩቅም ለቅርብም በሚያገለግል መነጽር ወደ ኳሱ ዝቅ ብለው ሲያዩ የሚያዩት በማንበቢያው ክፍል ነው፤ ኳሱ ይደበዝዛል፣ ርቀቱ ይሳሳታል። የሩቅ ብቻ የሆነ መነጽር ለሜዳ ቢኖርዎ ይሻላል። መስማት የቀነሰ ሰው ደግሞ «ፎር!» የሚለውን የማስጠንቀቂያ ጩኸት ላይሰማ ይችላልና አብረውት ለሚጫወቱት ይንገር። ነጎድጓድ ከተሰማ ሜዳውን ለቆ ሕንፃ ውስጥ መግባት፣ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላ 30 ደቂቃ መጠበቅ፤ ብቻውን የቆመ ዛፍ መጠለያ አይደለም።

ጉልበት ወይም ዳሌ ያስቀየሩ ሰዎች ከሐኪማቸው ፈቃድ ጋር በፑተር ይጀምራሉ፤ ከዚያ አጭር ምት፣ ከወራት በኋላ ሙሉ ስዊንግ። የተቀየረው የፊት እግር ጉልበት ከሆነ የበለጠ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የስዊንጉን ጠመዝማዛ ኃይል የሚሸከመው እሱ ነው። እግርን መሬት ላይ የሚቸክል የብረት ሹል ያለው ጫማ ለዚህ ሰው አይሆንም።

ለፕሮፌሽናሎች 50ኛው ልደት በር ይከፍታል። የአሜሪካው ተከታታይ ውድድር (ቱር) ፒጂኤ ቱር ቻምፒየንስ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ዕድሜያቸው 50 የሞላ ተጫዋቾችን ያወዳድራል፤ በአውሮፓ ከ1992 ጀምሮ የነበረው የሲኒየሮች ቱር ዛሬ ሌጀንድስ ቱር ይባላል። ሴቶች በ45 ዓመት የሚጀምሩበት የሌጀንድስ ውድድር አላቸው፤ የአሜሪካ የሴቶች ሲኒየር ኦፕን በ2018 ሲጀመር የመጀመሪያዋ አሸናፊ እንግሊዛዊቷ ላውራ ዴቪስ ነበረች። የቻምፒየንስ ውድድሮች አብዛኞቹ ሦስት ዙር፣ 54 ቀዳዳ ናቸው፤ በብዙዎቹ የጎልፍ መኪና ይፈቀዳል። ዋና ዋናዎቹ ግን 72 ቀዳዳ ናቸው፣ በአሜሪካ ሲኒየር ኦፕን ደግሞ በእግር ነው የሚኬደው። ስለዚህ በመኪና ብቻ የተለማመደ ተጫዋች አራተኛው ቀን ላይ እግሩ ይከዳዋል።

በሩ ግን ጠባብ ነው። ቅድሚያ የሚያገኙት በዋናው ቱር ያሸነፉና ብዙ ገንዘብ ያገኙ ናቸው። ሌላው በማጣሪያ ይገባል፤ በመጨረሻው ዙር ሙሉ ፈቃድ የሚያገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከ45 እስከ 49 ያሉት ዓመታት አደገኛ የሚሆኑት ለዚህ ነው፦ ወጣቶቹ ተጫዋቹን በምት ርቀት ይበልጡታል፣ ሲኒየሮቹ ገና አይቀበሉትም። በእነዚህ ዓመታት የልምምድ ኳስን መቀነስ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ክብደት ማንሣት፣ የስዊንግ ፍጥነትን እየለኩ መጠበቅ፣ ጎን ለጎንም የአሠልጣኝነት ብቃት ማረጋገጫ መያዝ ብልህነት ነው። ጀርመናዊው በርንሃርድ ላንገር እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካን ሲኒየር ኦፕን ያሸነፈው በ65 ዓመቱ ነው። በ2024 መጀመሪያ የተረከዝ ጅማቱ ተበጥሶ ቀዶ ሕክምና አደረገ፣ በዚያው ዓመት ኅዳር በ67 ዓመቱ ደግሞ አሸነፈ። ጅማቱ የተበጠሰው ፒክልቦል የሚባል ቴኒስ መሰል ጨዋታ ሲጫወት ነበር፤ ለተጫዋች ሥጋት የሚሆነው ጎልፉ ብቻ አለመሆኑን ያስታውሳል።

ክለብ ውስጥ ማስተማርን የመረጠ ባለሙያም ውድድሩ አይቀርበትም። የአሜሪካ ፒጂኤ (የጎልፍ ባለሙያዎች ማኅበር) የሲኒየር ክለብ ባለሙያዎች ሻምፒዮና አለው፤ ከዚያ 35ቱ ወደ ሲኒየር ፒጂኤ ሻምፒዮና ያልፋሉ። ከታላላቆቹ ውድድሮች የማስተርስ አሸናፊ ዕድሜ ልኩን ይጋበዛል፣ የብሪታንያው ዘ ኦፕን ግን ለቀድሞ አሸናፊዎቹ የዕድሜ ጣሪያ አለው። ለገንዘብ መጫወት ይብቃኝ ያለ ባለሙያ ደግሞ ለአገሩ የጎልፍ ማኅበር አመልክቶ የአማተርነት መብቱን ማስመለስ ይችላል፤ የመጠበቂያ ጊዜ አለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሽልማት ገንዘብ መቀበልም ሆነ ለክፍያ ማስተማር አይፈቀድለትም።