በልጄ ፕሮትራክተር የተከራከርኩት ይግባኝ

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ባክቴሪያ ስናሳድግ ቱቦዎቹን ሼከር የሚባለው ነቅናቂ ማሽን ላይ ዘንበል አድርገን እናስቀምጣለን፤ ፈሳሹ ሰፋ ብሎ አየር እንዲያገኝ። መያዣው ግን የሚጠብቀው በብሎን ነው። ሲንቀጠቀጥ ውሎ ይላላል፣ ቱቦው ይወድቃል፣ ሥራው ገደል ይገባል። እኔ በሞላ (ስፕሪንግ) ነክሶ የሚይዝ ሠራሁና ለፓተንት፣ ማለትም ለፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ አመለከትኩ። የጠበቃ ዋጋ አስደንግጦኝ ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩት።

የፓተንት ቢሮው መርማሪ ተመሳሳይ መያዣ ከድሮ ፓተንት አወጣችብኝ። ባለ ብሎን ነው። እኔም ክሌሞቼን፣ ማለትም «ይህ የኔ ነው» ብዬ ያጠርኩትን አጥር፣ አጠበብኩ። አንዱ ላይ «ያለ ብሎን»፣ ሌላው ላይ «ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለ» አልኩ። ተገላገልኩ ስል፣ ይህን መጀመሪያ ባስገባኸው ጽሑፍ የት አለ? ተባልኩ።

ነገሩ የአሜሪካ ፓተንት ሕግ አንቀጽ 112 ነው። ዕቃው መሥራቱ ብቻ አይበቃም። ባመለከትክበት ቀን ፈጠራው በእጅህ እንደነበረ ከጽሑፍህ መታየት አለበት። የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቱም እ.ኤ.አ. በ2010፣ በአሪያድ እና በኢላይ ሊሊ ኩባንያዎች ክርክር፣ ይህ ራሱን የቻለ መስፈርት ነው ብሏል። የረሳኸውን በኋላ ልጨምር ብትል ደግሞ ክልክል ነው።

ለፓተንት ቢሮው የይግባኝ ቦርድ ይግባኝ አልኩ። የይግባኝ ማስታወቂያውን ካስገባህ በኋላ ዋናውን ክርክር ለማቅረብ ሁለት ወር ነው ያለህ። ልጆቹ ሲተኙ እጽፋለሁ። ለብሎኑ አንዲት ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «ብሎን በንዝረት ስለሚላላ በምትኩ ሞላ ይደረጋል»። ለማዕዘኑ ግን ቃል የለኝም። ያለኝ የማመልከቻው ሦስተኛ ሥዕል ብቻ ነው። የልጄን ፕሮትራክተር (የማዕዘን መለኪያ) ተውሼ ለካሁት፤ 38 ዲግሪ! ደስ ብሎኝ ክርክሬ ውስጥ ከተትኩት።

ሦስቱ የቦርዱ ዳኞች ብሎኑን ፈረዱልኝ። ብሎን ለምን እንደማይፈለግ ምክንያቱን ጽፌዋለሁና። ማዕዘኑ ወደቀ። ሥዕል እንደ ጽሑፍ የሚቆጠርበት ጊዜ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1991 በካቴተር (ሰውነት ውስጥ የሚገባ የሕክምና ቱቦ) ክርክር ሥዕል ብቻውን ሊበቃ እንደሚችል ፍርድ ቤቱ ብሏል። የኔ ግን በልክ የተሳለ ነው አላልኩም። ቢለካስ 38 አንድ ቁጥር ነው፤ ከ30 እስከ 45 ከየት መጣ?

ያንገበገበኝ፣ 30፣ 35፣ 40 እና 45 ሁሉንም ሞክሬያቸዋለሁ። የሥራ ደብተሬ ላይ ቁልጭ ብለው አሉ። ማመልከቻው ላይ ግን አልገለበጥኳቸውም።

ሁለተኛውን ዕቃዬን ሳስገባ «ከ20 እስከ 60፣ ቢመረጥ ከ30 እስከ 45፣ በተለይ 38» ብዬ ጻፍኩ። ልጄም ፕሮትራክተሯን መልሳ ወሰደች።