ሲሪስ 7 ጥናቴ፦ የብሮከር መዝገብ አያያዝ ላይ ደርሻለሁ

ሰላም ጓዶች። የአሜሪካ ብሮከሮች (ለደንበኛ አክሲዮን የሚገዙና የሚሸጡ ባለሙያዎች) የመግቢያ ፈተና የሆነውን ኤስአይኢን ካለፍኩ በኋላ ወደ ዋናው የፈቃድ ፈተና፣ ወደ ሲሪስ 7 ገብቻለሁ። ሰሞኑን የያዝኩት የመዝገብ አያያዝ ምዕራፍን ነው። ብዙ ሰው "ቁጥሩን ሸምድደህ እለፍ" ይላል። እኔ ግን ከመጽሐፉ ሁሉ የወደድኩት ይሄንን ሆነ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ወረቀት ነገ ለሚነሳ ጭቅጭቅ ዛሬውኑ የተቀመጠ ምስክር ነው። እንደዛ እያሰብኩ ሳነበው ቁጥሮቹም መያዝ ጀመሩ።

መጀመሪያ የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ የሆነውን የኤስኢሲን ሁለት ደንቦች ለዩ። 17ኤ-3 ምን መመዝገብ እንዳለበት ይናገራል፣ 17ኤ-4 ደግሞ የተመዘገበው ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ።

የትዕዛዝ ወረቀቷን እንይ። ደንበኛው ደውሎ "መቶ አክሲዮን ግዛልኝ" አለ እንበል። የአክሲዮኑ ስም፣ ብዛቱ፣ በገበያ ዋጋ ይሁን በተወሰነ ዋጋ፣ ትዕዛዙ የደረሰበት ሰዓት፣ ወደ ገበያ የተላከበት ሰዓት፣ የተፈጸመበት ሰዓትና ዋጋ፣ የተቀበለው ሠራተኛ ማንነት፣ ሁሉም ይሰፍራል። ብሮከሩ ደንበኛው በሰጠው ሥልጣን ራሱ ወስኖ ያዘዘው ከሆነም ይጻፋል። ሳይፈጸም የቀረ ትዕዛዝም ይመዘገባል። ሰዓቶቹን ልብ በሉልኝ። ደንበኛው ባዘዘበትና ብሮከሩ በላከበት መሃል ሃያ ደቂቃ ቢያልፍና ዋጋው ቢወጣ፣ ማን እንዳዘገየው ያቺ ወረቀት ቁልጭ አድርጋ ታሳያለች።

የአካውንት መዝገቡ ላይ ደግሞ የልደት ቀን፣ ሥራ፣ ዓመታዊ ገቢ፣ ከመኖሪያ ቤት ውጭ ያለ የተጣራ ሀብትና የኢንቨስትመንት ዓላማ አለ። ብሮከሩ ለሚመክራቸው ደንበኞች ይሄ መዝገብ አካውንቱ በተከፈተ በ30 ቀን ውስጥ፣ ከዚያም ቢያንስ በየ36 ወሩ ይላካል፣ የተሳሳተ ነገር ካለ እንዲያርሙት። አድራሻ ሲቀየር ማሳወቂያው ወደ ድሮው አድራሻ መሄዱ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ሌባ አድራሻ ቀይሮ አካውንት ሊያራቁት ቢሞክር ባለቤቱ ይነቃል።

የማቆያ ጊዜው እኔ የያዝኩት እንዲህ ነው። የትዕዛዝ ወረቀት፣ የግብይት ማረጋገጫና ከደንበኛ ጋር የተደረገ የሥራ ልውውጥ 3 ዓመት። የዕለት መዝገቦችና ሌጀር (ዋናው የሂሳብ መዝገብ) 6 ዓመት፣ የደንበኛው የአካውንት መረጃም አካውንቱ ከተዘጋ በኋላ 6 ዓመት። የድርጅቱ መመሥረቻ ሰነድ ድርጅቱ እስካለ ድረስ። የደንበኛ የጽሑፍ ቅሬታ በፊንራ (ብሮከር ድርጅቶችን የሚቆጣጠረው የዘርፉ ማኅበር) ደንብ 4 ዓመት ነው፣ ይቺ ለብቻዋ ትያዝ። በ3ቱም በ6ቱም ዓመት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቶሎ በሚገኝ ቦታ መሆን አለባቸው።

የኤሌክትሮኒክ ማስቀመጫው ድሮ የማይሰረዝና የማይታረም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 በተደረገው ማሻሻያ ግን ማን፣ መቼ፣ ምን እንደነካ ዱካውን የሚይዝና ዋናውን ቅጂ መልሶ ማውጣት የሚችል ሲስተምም ተፈቅዷል።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር ልምጣ። እዚህ አሜሪካ ሐበሻ ደንበኛ ይዞ ለሚሠራ ሰው ትልቁ አደጋ ዋትስአፕና ቫይበር ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2022 ኤስኢሲ 16 ድርጅቶችን በድምሩ ከ1.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የቀጣው ሠራተኞቻቸው በግል ስልክ የሥራ ጉዳይ ሲጻጻፉ መልእክቶቹ ስላልተያዙ ነው። ደንበኛችሁ አባታችሁ የሚሆኑ ሰው ቢሆኑና በቫይበር "ልጄ፣ ያንን ሽጥልኝ" ብለው ቢልኩ፣ "ጋሼ፣ በቢሮው ኢሜይል ይላኩልኝ ወይም በቢሮው ስልክ ይደውሉልኝ" ማለት ንቀት አይደለም። የእሳቸውን ገንዘብ መጠበቅ ነው። መልእክቷንም አታጥፏት፣ ለኮምፕላያንስ (ደንብ መከበሩን ለሚከታተለው የድርጅቱ ክፍል) አስተላልፏት።

አዲስ አበባ ያላችሁ ደግሞ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ስለጀመረ እዚያ ብሮከር ቤት የገባችሁ ትኖራላችሁ። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን መመሪያ ስለ መዝገብ የሚለውን ክፍል ካላችሁ ላኩልኝ፣ ጎን ለጎን ላነበው እፈልጋለሁ። እኔ በሚቀጥለው ወደ ማርጂን አካውንት (ከብሮከሩ ተበድሮ አክሲዮን ወደሚገዛበት) እገባለሁ።