ባንኮክን በእግር፣ በዓቢይ ጾም

ትናንት ማታ አንዲት ጋሪ ላይ የምትሸጥ ሴትዮ ፊት ቆሜ፣ ስልኬን ሳላወጣ፣ አንዲት ቃል ብቻ ተናግሬ ለእማዬ የጾም እራት ገዛሁ። እዚህ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጅቶብኛል። ወላጁን ለማሳከም ወደ ባንኮክ የሚመጣ ብዙ ስለሆነ፣ ደስታዬ ሳይበርድ ልጻፈው።

የመጀመሪያዎቹን ቀናት አላስረዝምም፤ ከሆቴል ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ሆቴል ነበር። በኋላ እማዬ ስታርፍ ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ። ዋት ፖ («ዋት» ቤተ መቅደስ ማለት ነው) ሄጄ 46 ሜትር የሚረዝመውን የተጋደመ ቡድሃ አየሁ። እዚያ ሰው 108 የነሐስ ሳህኖች ውስጥ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል፤ ድምፁ ከወጣሁ በኋላም ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ነበር። በጀልባ ተሻግሬ ዋት አሩንን፣ ሌላ ቀን ደግሞ 344 ደረጃ ወጥቼ የዋት ሳኬትን ወርቃማ ተራራ አየሁ። ትከሻና ጉልበት መሸፈን አለበት፤ ለእኔ ነጠላዬ በቂ ነበረች። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ይሄ ለእኛ አዲስ አይደለም። የበሩን ደፍ ግን አትርገጡት፣ ተሻገሩት። ሙቀቱ የዋዛ ስላልሆነ የምሄደው ከጠዋቱ 12 እስከ 4 ሰዓት፣ ከዚያም ከ11 ሰዓት በኋላ ነው።

የከበደኝ መንገዱ ሳይሆን ምግቡ ነው። እማዬን የነፍስ አባቷ በሕመሟ ምክንያት ፈቅደውላት ነበር፤ እሷ ግን ዓቢይ ጾምን አልፈታም አለች። ሆስፒታሉን «ሥጋ የሌለበት» ብለን ብንጠይቅ የእንቁላል ጥብስ መጣ። በጣም ተናድጄ ነበር። ለካ በታይኛ «ማንግሳዊራት» የሚባለው ሥጋ የማይበላ ሰው ምግብ እንቁላልና ወተት ሊኖረው ይችላል። መንገድ ላይ ደግሞ ይብሳል፤ ዓሣ በጨው ተብላልቶ የሚወጣው «ናም ፕላ» የሚሉት ፈሳሽ የማይገባበት ድስት ማግኘት ከባድ ነው። ቅጠል ብቻ የሚመስለው የጥሬ ፓፓያ ሰላጣ እንኳ እሱም፣ የደረቀ ሽሪምፕም አለበት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። እማዬ አትበላም፣ አለቀ።

በስልክ መተርጎሚያ ሞከርኩ። «እናቴ ጾመኛ ናት» ብዬ ጽፌ ለአንዷ ሻጭ ባሳያት፣ አንብባ ድስቷን ከደነችው። ምንም የማትቀምስ መስሏት ነው። ስለዚህ ለዚህ ጉዳይ መተርጎሚያን አትመኑ እላለሁ። ቀጥዬ «ማይ ሳይ ናም ፕላ»ን፣ ማለትም «የዓሣውን ፈሳሽ አትጨምሪ» የሚለውን በቃሌ ያዝኩ። ችግሩ ታይኛ ቃሉን በዜማው ይለያል፤ «ማይ» ከላይ ወደ ታች ሲወርድ እምቢታ ነው፣ ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ሆኖ ወደ ላይ ሲወጣ ግን ጥያቄ ይሆናል። እኔ ደግሞ እርግጠኛ ካልሆንኩ ድምፄ ወደ ላይ ይወጣል። ሴትዮዋ ፈገግ ብላ ጨመረችው። (እንቁላልና ዶሮ ለእኔ ጆሮ ሁለቱም «ካይ» ናቸው። ሁለቱም ለጾም ስለማይሆኑ እነሱን ለመለየት አልደከምኩም።)

አንድ ቀን እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ሾርባ ይዤላት ገባሁ። «አጣርተሻል?» አለችኝ። «አዎ» አልኳት። ደክሞኝ ነበር፣ እሷም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። እስካሁን አልነገርኳትም፤ ይከብደኛል።

መፍትሔው የተገኘው በቻይናዎች ሰፈር፣ በያዋራት ነው። ከዋት ትራይሚት ተነስቼ በእግሬ ወደ ዋት ማንግኮን እየሄድኩ ነበር። ዋት ትራይሚት ያለው የወርቅ ቡድሃ 5.5 ቶን ይመዝናል፤ በ1955 እ.ኤ.አ. ሲያዛውሩት ገመዱ ተበጥሶ ወድቆ ልስኑ እስኪሰነጠቅ ድረስ ውስጡ ወርቅ መሆኑን ያወቀ አልነበረም። ያንን እያሰብኩ ቻሮን ክሩንግ መንገድ ላይ ስደርስ፣ በ1871 እ.ኤ.አ. ከተሠራው የቻይናዎች ቤተ መቅደስ፣ ከዋት ማንግኮን አጠገብ አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ደጃፍ ላይ ቢጫ ባንዲራ አየሁ። ላዩ ላይ 17 ቁጥር የሚመስል ቀይ ጽሑፍ አለ። የቤቱ ልጅ በእንግሊዝኛ አስረዳችኝ፦ «ጄ» ይባላል፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት የለበትም፣ ናም ፕላም የለበትም። ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ሳይቀር ክልክል ነው። ከእኛ ጾምም የጠበቀ ነው! እዚያው በር ላይ እንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲህ አካሄዴ ተለወጠ። ምግብ ቤት መፈለግ ትቼ የቻይና ቤተ መቅደስ እፈልጋለሁ፣ ቢጫው ባንዲራ ከዚያ ብዙ አይርቅም። አንዱን ባንዲራ ፎቶ አንስቼ ስልኬ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ቃሉ ካልተሰማልኝ እሱን አሳያለሁ። በቱክቱክ ከሄዳችሁ ባንዲራው ያልፋችኋል፣ በእግር ሂዱ። ያዋራት ሰኞ አትሂዱ፣ ብዙዎቹ ጋሪዎች አይወጡም፤ እኔ አንዴ በባዶ እጄ ተመልሻለሁ።

እማዬ የመጀመሪያውን ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ አይብ መሳይ) እና እንጉዳይ ቀምሳ «ሽንኩርት የሌለበት ወጥ ምን ወጥ ነው?» አለች። እውነቷን ነው። ሚጥሚጣ ይዛችሁ ኑ። የወደደችው ማንጎ በሩዝ ነው፤ የሚጣበቅ ሩዝ በኮኮናት ወተት ተለውሶ ከበሰለ ማንጎ ጋር ይቀርባል፤ የላም ወተትም እንቁላልም የለበትም። የማንጎው ወቅት ደግሞ ልክ በጾማችን ላይ ይውላል። በሳምንት አራት ቀን በልታዋለች፣ አልከለከልኳትም።

ባለፈው እሑድ ራሷ ሄደች። ዋት ማንግኮን ድረስ ቀስ እያልን ተራመድን። እሷ ወደ ውስጥ መግባት ስላልፈለገች ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ዕጣን የሚያጨሱትን ስታይ ቆየች። ከዚያ ቢጫውን ባንዲራ ከሩቅ ከእኔ ቀድማ አይታ በከዘራዋ አሳየችኝ።

ሐሙስ እንመለሳለን። ቀጣዩ ቀጠሮዋ ጥቅምት ላይ ነው፣ ዘጠኝ ቀን የሚቆየው የጄ በዓልም በዚያ ሰሞን ይውላል። የዚያን ጊዜ ያዋራት በሙሉ ቢጫ ይሆናል አሉኝ። በዚያ ወቅት እዚህ የነበራችሁ ካላችሁ የትኛው መንገድ እንደሚሻል ጻፉልኝ፤ እማዬ ረቡዕና ዓርብን እዚያ ማሳለፍ ትፈልጋለች።