ጅሩ ላይ ስንዴ ልትወቁ ከሆነ ስለ ትራክተሩ ዙር ይህን አንብቡ

ይህን የምጽፈው ትራክተርና መውቂያ ይዞ ሰሜን ሸዋ፣ ጅሩ ውስጥ ወዳለችው እነዋሪ አካባቢ ለሚወጣ ሰው ነው። እኔ ስወጣ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መውቂያውን ከትራክተሩ ጋር መግጠሙ ቀላል ነው። ካርዳኑን፣ ማለትም የትራክተሩን ጉልበት ወደ መውቂያው የሚያደርሰውን ተሽከርካሪ ዘንግ፣ ታስገባላችሁ፣ መሸፈኛው በቦታው መኖሩን ታያላችሁ፣ አለቀ። ካርዳኑ የሚገባበት ከትራክተሩ የሚወጣው ጉልበት ሰጪ ዘንግ (ፒቲኦ) 6 ጥርስ ካለው በደቂቃ 540 ዙር ነው፣ 21 ጥርስ ካለው 1000። ለ540 የተሠራ መውቂያ በ1000 እንዳትነዱ። ነዶውን የሚወቃውን ተሽከርካሪ ከበሮ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል ከ3 እጥፍ በላይ ይሆናል፣ ማሽኑ ይበታተናል።

ጣጣው ሌላ ነው። ማሽኑን ያስረከበን ባለሙያ "540ኢ ላይ አድርጉት፣ ነዳጅ ይቆጥባል" ብሎን ሄደ። እርግጥ 540ኢ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር እየሠራ ዘንጉን 540 ላይ ያደርሰዋል። ግን እሱ እንደ ማዳበሪያ መበተኛ ላለ ቀላል ሥራ ነው። መውቂያ ነዶ በጎረሰ ቁጥር ሸክሙ ድንገት ይጨምራል፣ ዙሩ ዝቅ ያለ ሞተር ደግሞ ያን የሚችልበት ጉልበት የለውም። በዚያ ላይ ጅሩ ደጋ ነው፣ አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲወጣ ይደክማል። ይህን መንገር የባለሙያው ሥራ ነበር! እስካሁን ያናድደኛል።

ነዶ ሲገባ ሞተሩ አጓራ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ቺንጋው እየተንሸራተተ የተቃጠለ ጎማ ሸተተ። ማራገቢያውም የሚዞረው በዚያው ዘንግ ስለሆነ አብሮ ደከመ፣ እብቁ ከስንዴው ጋር ጆንያ ውስጥ ገባ። ባለ አውድማው ሽማግሌ ከጭዱ አንድ እፍኝ አንስተው መዳፋቸው ላይ አሹት። እፍ ሲሉት ፍሬው ቀረ። "ልጄ፣ ስንዴዬን ከበሬ ጋር ልታካፍለኝ ነው?" አሉኝ። ባለሙያው ጋ ስደውል "ቀስ ብላችሁ አጉርሱት" አለኝ፣ በቃ። ቆጠብን ያልነው ነዳጅ ጭዱን ደግመን ስንወቃ አለቀ።

አሁን የምሠራው በመደበኛው 540 ነው። መመሪያው የሞተሩን ዙር ቆጣሪው ላይ ካለው የ540 ምልክት ጋር አስተካክሉ ይላል። እኔ ግን በባዶው ከምልክቱ ትንሽ አለፍ አደርገዋለሁ፣ ነዶ ሲጎርስ ወርዶ ምልክቱ ላይ ይቀመጣል። መታየት ያለበት በሥራ ላይ ያለው ዙር ነው። ምልክቱ ከትራክተር ትራክተር ስለሚለያይ የጎረቤት ቁጥር አትዋሱ። ቆጣሪው ከተበላሸ በእጅ የሚያዝ የዙር መለኪያ ፈልጉ፣ በጆሮ ብቻ አትመኑ። ዙር ማብዛትም ፍሬ ይሰብራል፣ በተለይ ለዘር የሚቀመጥ ከሆነ ከጆንያው እየዘገናችሁ የተሰነጠቀ እንዳለ እዩ።

ከበሮው ሲታነቅ ፒቲኦውን አላቁ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ቁልፉን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ዘንጉ ፈጽሞ እስኪቆም እጃችሁን አታስገቡ። ካርዳኑ አጠገብ ጋቢ የለበሰ ሰው ካለም ማሽኑን አታስነሱ። 540 ዙር በደቂቃ ማለት በሰከንድ 9 ዙር ነው፣ የጋቢውን ጫፍ ከያዘው ሰውየውን ይዞት ይሄዳል።