አራተኛዋ ኮከብ

ትናንት ደብሮኝ ዋለ። ምክንያቱን ብትጠይቁኝ የለኝም። እሁድ ነው፣ ውጭ ያካፋል፣ ገና ከሰዓት በኋላ ሳለ ይጨልማል። እንዲህ ሲያደርገኝ ምን እንደማደርግ ታውቃላችሁ። የአውሮፕላን ሞዴሎቼን የያዘችውን ያቺን ካርቶን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣለሁ። ባለቤቴም ካርቶኑን ስታይ «ጀመረህ?» ትልና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ታደርጋለች።

ሱሱ እንዴት እንደያዘኝ ነግሬያችሁ ነበር መሰለኝ። እንግዳ ልቀበል ዋሽንግተን አጠገብ ያለው ደለስ ኤርፖርት ሄጄ፣ ሰዓት ተሳስቼ ሦስት ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ። እዚያው አጠገብ ያለው የስሚዝሶኒያን የአውሮፕላን ሙዚየም መግቢያው ነፃ ነው። ገባሁ። ከዚያ ሁሉ ግዙፍ ብረት መሀል ዓይኔን የያዘው አንድ ትንሽ ቦይንግ ፒ-26 የተባለ የድሮ ተዋጊ አውሮፕላን ነው። ቢጫ ክንፍ ያለው፣ ጎማው የማይታጠፍ፣ የአብራሪው መቀመጫ ክፍት የሆነ። ጓቲማላ ስትገለገልበት ኖራ በኋላ የመለሰችው ነው። ጦር መሣሪያ ሳይሆን የበዓል ልብስ የለበሰ ሕፃን ይመስላል። ያን ቀን እንግዳውን ረስቼው ነበር ማለት ይቻላል።

የትናንቱ ግን ግሩማን ኤፍ3ኤፍ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጨረሻው ባለ ድርብ ክንፍ ተዋጊ። ሞዴሉ 1 ለ 48፣ ማለትም ከእውነተኛው 48 ጊዜ ያነሰ ስለሆነ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 20 ሳንቲሜትር፣ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ሆዱ እንደ በርሜል ያበጠ። እኔም በዚያው መንገድ ላይ ስለሆንኩ እንግባባለን። ቀለሙ ካለቀ ወር አልፎታል። አካሉ ብርማ፣ የላይኛው ክንፍ ጀርባ የእንቁላል አስኳል የመሰለ ቢጫ፣ ጭራው ነጭ። የቀረኝ ዲካሉን መለጠፍ ብቻ ነበር።

ልጅ ሆነን ከማስቲካ ጋር የሚመጣውን ስዕል በምራቅ አርሰን ክንዳችን ላይ እንለጥፍ አልነበር? ዲካል ማለት ያው ነው። ወረቀቱ ሙጫ ተቀብቷል፣ ስዕሉ በላዩ ላይ ከስስ ፊልም ጋር ታትሟል። ቆርጠህ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ትነክራለህ። ሙጫው ሲርስ ስዕሉ ይላቀቃል፣ ከዚያ ከወረቀቱ ላይ አንሸራተህ ቦታው ላይ ታሳርፈዋለህ። ከሥሩ ያለው ቀለም ሻካራ ከሆነ አየር ይቀርበታል፣ ሲደርቅም እንደ ዓሣ ቅርፊት ያብለጨልጫል። ስለዚህ አስቀድሞ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ መቀባት ግድ ነው። የማስቲካው ስዕል ጠማማ ቢሆን ማንም ግድ አልነበረውም። ይሄኛው ግማሽ ሚሊሜትር ከሳተ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ዲካሉን የገዛሁት ከሰው እጅ ነው፣ አሮጌ ነው። ሲደርሰኝ ፊልሙ ሻይ የፈሰሰበት ይመስል ነበር። የቢጫውን ነገር ፀሐይ ታነጣዋለች። በላስቲክ አድርጌ መስኮት ላይ ለጠፍኩትና ሦስት ሳምንት አሞቅሁት። በዚያ መሀል ጋሼ ሊጠይቁን መጡና መስኮቱ ላይ የተደረደሩትን አራት ኮከቦች ትክ ብለው አዩ። «ዜግነቱን ሰጡህ እንዴ?» አሉኝ።

ነጣልኝ። ግን ሌላ ጣጣ አለበት። ያኔ የአሜሪካ አውሮፕላን ምልክት ሰማያዊ ክብ፣ በክቡ ውስጥ ነጭ ኮከብ፣ በኮከቡ መሀል ደግሞ ቀይ ነጥብ ነበር። ቀይዋን ነጥብ በሜይ 1942 አነሷት፤ ከጃፓን ቀይ ፀሐይ ጋር እየተምታታች ወዳጅ ወዳጁን እንዳይተኩስ። የእኔን ዲካል ያተመው ሰው ቀለሞቹን በደንብ ስላላጋጠመ የአንዷ ኮከብ ነጥብ ወደ ጎን ሸሽታለች። ሸውራራ ዓይን ሆናለች። እሷን ከታችኛው ክንፍ ሥር ለመለጠፍ ወሰንኩ። ማን ገልብጦ ያያል?

አራቱን ቆርጬ ስኒ ውስጥ ነከርኩ። የቡና ስኒ ነው፤ ለባለቤቴ እንዳትነግሩብኝ። በዚያው ቅጽበት ስልኬ ጠራ።

እትዬ ናት። አላነሳሁም። እጄ እርጥብ ነው ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። እውነቱን ለመናገር ጥያቄዎቿ ናቸው የሚያደክሙኝ። እትዬ የሰው ስም በጠራሁ ቁጥር «የማን ልጅ ነው?» ትለኛለች። ባለፈው ስለ ሥራ ባልደረባዬ ሳወራላት፣ «ኧረ እትዬ፣ ቬትናማዊ ነው» አልኳት። «ይሁን፣ የማን ልጅ ነው?» አለችኝ።

ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ሲዘጋ ዓይኔ ነጩ ጭራ ላይ አረፈ። ይሄ አውሮፕላን እኮ ለእትዬ የተሠራ ነው! እስኪ አስቡት። ከ1937 ጀምሮ ጭራው የእናት መርከቡን፣ የተሸከመችውን መርከብ፣ ቀለም ይቀባል። ሳራቶጋ ነጭ፣ ሌክሲንግተን ቢጫ፣ ሬንጀር አረንጓዴ፣ ዮርክታውን ቀይ፣ ኢንተርፕራይዝ ሰማያዊ፣ በኋላ የመጣችው ዋስፕ ጥቁር። ስለዚህ ይሄኛው የሳራቶጋ ልጅ ነው። ጎኑ ላይ «3-ኤፍ-1» የሚል አለ። ሦስተኛ ስኳድሮን፣ ተዋጊ፣ አንደኛ አውሮፕላን። ስኳድሮኑ 18 አውሮፕላን አለው፣ ሦስት ሦስት እየሆኑ በስድስት ይከፈላሉ፣ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ቀለም አለው። አንደኛው ቀይ ነው። የቡድኑ አለቃ የሞተሩን ሽፋን ዙሪያውን ይቀባል፣ ወገቡም ላይ መቀነት ይታጠቃል። ሁለተኛው የሽፋኑን የላይ ግማሽ ብቻ፣ ሦስተኛው የታች ግማሹን። ከአብራሪው ወንበር ሥር ደግሞ ፊሊክስ የተባለው ጥቁር ድመት አለ፣ ፊውዙ የሚነድ ቦምብ ታቅፎ የሚሮጥ። አገር ያውቀዋል፣ የሦስተኛ ስኳድሮን ዓርማ ነው። እትዬ አንዴ አየት ብታደርገው ዘር ማንዘሩን ቆጥራ «እንዴ፣ የእነሱ ቤት ልጅ ነዋ!» ትል ነበር።

የክንፉ ቢጫስ? ያም ለጌጥ አይደለም። ባሕር ላይ ቢወድቅ ከላይ የሚፈልገው ሰው እንዲያየው ነው። እዚህ ነኝ፣ ኑ አውጡኝ።

ይሄ ሁሉ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1940 ማብቂያ ላይ ትዕዛዝ ወጣና ከዚያ በኋላ ተዋጊዎቹን ግራጫ ቀቧቸው። ጭራውም፣ ክንፉም፣ መቀነቱም። የዲካል ሰዎች ስለ ቢጫ ክንፍ ዘመን ሲያወሩ ድምፃቸው ለስለስ የሚለው ለዚህ ይመስለኛል። ጦርነት ሊመጣ ሲል ሁሉም ነገር ግራጫ ሆነ። ትክክል ነበሩ፣ አልከራከርም። ታይተህ ከመመታት ተደብቀህ መትረፍ ይሻላል።

እኔም እዚህ አገር ስመጣ ትልቁ እፎይታዬ ማንም የማን ልጅ እንደሆንኩ አለመጠየቁ ነበር። ስሜን እንኳ ሥራ ቦታ ከሁለት ፊደል በላይ አይጠሩትም፣ እኔም አላረምኳቸውም። መጀመሪያ ሰሞን ደስ ይል ነበር። አሁንስ? እንጃ። ብድግ ብዬ ሄጄ ቁም ሣጥኔን ከፈትኩት። ጃኬቱ ግራጫ። ሹራቡ ግራጫ። ሁለቱም ሱሪ ግራጫ። ካልሲ ሳይቀር። የባሕር ኃይሉ ትዕዛዝ ለእኔም የደረሰኝ ነው የሚመስለው። «ቢጫ ሸሚዝ ነበረኝ አይደል?» ብዬ ጮህኩ። ከሳሎን መልስ መጣ። «የትኛው? በ2009 የጣልከው?» የማን አቆጣጠር እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ተረከዜ ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲ ስቆጥር ስንት ሰዓት እንደሄደ አላውቅም።

ኮከቦቹ!

ሮጬ ስመለስ ውሃው ቀዝቅዟል። ወረቀቶቹ ከስኒው ሥር ተኝተዋል፣ ኮከቦቹ ተላቀው ይንሳፈፋሉ። ሙጫቸው ውሃ ውስጥ ቀርቷል፣ አንዷ እንደ ሲጋራ ተጠቅልላለች። በብሩሽ ጫፍ ቀስ ብዬ አወጣኋቸው። ሦስት ናቸው። አራተኛዋ የለችም። ስኒውን ወደ ሳህን ገለበጥኩ፣ ጠረጴዛውን በባትሪ ፈለግሁ፣ ምንጣፉ ላይ በሆዴ ተኛሁ። የለችም። እትዬ ጋ ልደውል ስል ደግሞ እዚያ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ተኛሁ።

ዛሬ ሥራ ቦታ ምሳ ሰዓት ላይ የሹራቤን እጅጌ ሰብስቤ ሳህን ሳጥብ ቬትናማዊው ክርኔን አፍጥጦ አየኝ። እኔም ክንዴን ጠምዝዤ አየሁ። ሸውራራዋ ናት። ከክርኔ በላይ ጥብቅ ብላ፣ አንድም አየር ሳይገባባት፣ በሕይወቴ እንደሷ አሳምሬ ለጥፌ አላውቅም።

«ወታደር ነበርክ እንዴ?» አለኝ።

«አይ፣ ይሄ ከጦርነቱ በፊት የነበረ ምልክት ነው» አልኩት።

«ከየትኛው ጦርነት?» አለኝ።