«ቤር» ያሉት እናት

ኪሱሙ ውስጥ በአንድ የጤና ፕሮጀክት ስሠራ የገጠመኝ ነው። ኪሱሙ በኬንያ የሉዎዎች አገር፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለች ወደብ ናት፤ አካባቢዋም በአገሪቱ ወባ እጅግ ከሚበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የእኛ ክፍል ሥራ ኮአርተም የሚባለው የወባ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ወደ ቤት የሄዱ ሕሙማንን በስልክ መከታተል ነበር። መድኃኒቱ ለ3 ቀን ጠዋትና ማታ ይወሰዳል፤ ሰው ግን ትኩሳቱ ለቀቅ ሲያደርገው ማቋረጥ ይቀናዋል።

በዚያ ሰሞን ከናይሮቢ የመጣ አዲስ ባልደረባ ነበረን፤ ሉዎ አይደለም። ትጋቱን እወድለት ነበር። የሉዎኛ ሰላምታውን ከሹፌራችን እየጠየቀ በማስታወሻ ደብተሩ ጻፈ፦ ጠዋት «ኦያዎሬ»፣ ከሰዓት «ኦሳኦሬ»፣ ሲመሽ «ኦይሞሬ»፣ ለምስጋና «ኤሮካማኖ»፣ ለስንብት «ኦሪቲ»። «ኢዲ ናዴ?» እንዴት ነህ፣ እንዴት ነሽ ማለት ነው፤ መልሱ «አዲ ማቤር» ወይም ባጭሩ «ቤር»፣ ደህና እንደማለት ነው። ሉዎኛ አንተና አንቺን አይለይም፤ ለጀማሪ ትልቅ እፎይታ ነው።

ስንደውል በምንሞላው ቅጽ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ «ታካሚው እንዴት ነው?» ይላል። አዲሱ ባልደረባችን ይደውላል፣ «ኦያዎሬ፣ ማማ። ኢዲ ናዴ?» ይላል። ከወዲያ «ቤር» ይመጣል። «ተሽሎታል» የሚለው ላይ ምልክት ያደርግና ያመሰግናል። በቋንቋቸው ስላናገራቸው ሰዎቹ ደስ ይላቸዋል፣ ይመርቁታል፤ የእሱ ዝርዝር ከሁላችንም ዝርዝር የተሻለ ይመስል ነበር።

አንድ ቀን እሱ «ተሽሎታል» ካላቸው አንዷ፣ አንዲት አሮጊት፣ በልጃቸው ተደግፈው እየተንቀጠቀጡ ጤና ጣቢያው መጡ። መድኃኒቱ ስላስመለሳቸው ገና በመጀመሪያው ቀን ትተውታል። የክፍሉ ኃላፊ ነርስ፣ እሷ ራሷ ሉዎ ናት፣ መዝገቡን አይታ አዲሱን ባልደረባችንን ጠራችው። አልተቆጣችም። «ሰላም ስትላቸው ሰላምታህን መለሱልህ፤ ስለ ሕመማቸው መቼ ጠየቅካቸው?» አለችው።

እኔን ይህ ነገር የነካኝ ከአገሬ ስለማውቀው ነው። ታሞ የተኛ ሰው «እንዴት አደርክ?» ሲባል «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል፤ ድኗል ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ ጠያቂ ግን የለም። ቁጭ ይባላል፣ ስለ ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ከዚያ በኋላ ነው «ሌሊቱን እንኳ ጎኔን ሲወጋኝ አደረ» የሚለው የሚመጣው። ለነገሩ ሉዎዎች ለእኛም ባዳ አይደሉም፤ የጋምቤላ አኙዋኮች ቋንቋ ከእነሱ ቋንቋ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው።

ነርሷ ቅጹን አስቀየረችው። ሰላምታው ከጥያቄዎቹ ወጣ፤ ሰላምታ ሆኖ ይሰጥ፣ መልሱም የትም አይጻፍ ተባለ። ቀጥሎ የቤቱ ሰዎች ይጠየቃሉ፣ ልጆቹ፣ ዝናቡ፤ ይህን ማንም እንዳይዘለው አጥብቃ አሳሰበች። ከዚያ የሚቆጠር ነገር ይመጣል፦ ከመድኃኒቱ ስንት ፍሬ ቀረ? ማሸጊያውን አምጥተው እዚያው ስልክ ላይ ይቁጠሩ። ትናንት ማታ ምን በሉ? ቆየልዎት ወይስ አስመለሰዎት? የት ያምዎታል? ባልደረባችንም ደብተሩን በአዲስ ገጽ ቀጠለ፤ መጀመሪያ የጻፈው «ዊያ ባራ» ነው፣ ራሴን ያመኛል።

አንድ ጥሪ ከበፊቱ ረዘመ፤ የስልክ ወጪያችንም ጨመረ። የሒሳብ ክፍሉ ለምን ብሎ ሲጠይቅ ነርሷ አዲሱንና አሮጌውን ቅጽ ጎን ለጎን አስቀመጠችለት፦ በአሮጌው ሁሉም ተሽሏቸዋል፤ በአዲሱ ማን መድኃኒቱን እንዳቋረጠና በምን ምክንያት እንደሆነ በስሙ ተጽፏል። ወጪው ተፈቀደ።