ስልኩ ሳይጠራ የምናነሳው ለምንድን ነው?

«በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ትቆያለህ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን ብዙ አይነግረንም። ተመራማሪዎቹ ኤሚ ኦርበንና አንድሩ ፕርዚቢልስኪ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ በወጣቶች የአእምሮ ደህንነት ላይ ከሚታየው ልዩነት በዲጂታል አጠቃቀም የሚብራራው ቢበዛ 0.4 በመቶ ብቻ ነው። የሚሻለው ጥያቄ «ማቆም ስፈልግ ማቆም እችላለሁ ወይ?» የሚለው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም የጌም ሱስን በበሽታነት ሲመዘግብ የተመለከተው ይህንኑ ነው፦ መቆጣጠር አለመቻል፣ ጨዋታው ከሌላው ሕይወት መቅደሙ፣ እየጎዳም መቀጠሉ፤ ያውም በአብዛኛው ለ12 ወር። ቲክቶክና ፌስቡክ በዚያ መዝገብ ስለሌሉ «ሱሰኛ ነኝ» ብሎ በራስ ላይ ለመፍረድ አትቸኩሉ።

የሚይዘን ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አለማወቁ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ቢ. ኤፍ. ስኪነር በእርግቦች ላይ እንዳሳየው፣ ምግቡ መቼ እንደሚመጣ በማይታወቅበት ጊዜ እርግቧ ምግብ የሚያስገኘውን ቁልፍ በምንቃሯ ያለ ፋታ ትመታለች፤ ምግቡ ከተቋረጠ በኋላም ቶሎ አትተውም። ዘጠኝ የማይረባ ቪዲዮ አልፎ አሥረኛው ሲያስቅ የሚሆነውም ያው ነው። ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ጎልቶ የሚለቀቀው ያልጠበቅነው መልካም ነገር ሲገጥመን ነው። በዚያ ላይ ገጹ ማለቂያ የለውም፤ ይህን አሠራር በ2006 እ.ኤ.አ. የነደፈው ኤዛ ራስኪን ራሱ ኋላ ላይ በአደባባይ ተጸጽቶበታል።

መፍትሔው ታዲያ ድንገተኛነቱን መቀነስ ነው። ከጥሪና ከቅርብ ሰው መልእክት በቀር ሌላውን ኖቲፊኬሽን ዝጉ፤ የቴሌግራም ቻናሎችን አንድ በአንድ ድምፃቸውን አጥፉና ጠዋት 4፣ ቀን 8 እና ማታ 12 ሰዓት ላይ ብቻ እዩአቸው። ሁሉንም ጨርሶ መዝጋት ግን ብዙ ጊዜ አይሠራም። በ2019 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራ ኖቲፊኬሽን በቀን ሦስት ጊዜ ተጠራቅሞ የደረሳቸው ሰዎች ስሜታቸው ተሻሽሏል፤ ጭራሽ የተከለከሉት ግን «ምን አምልጦኝ ይሆን?» እያሉ የበለጠ ተጨንቀዋል። የጊዜ ገደብ የምታስቀምጡ ከሆነ የይለፍ ቁጥሩን ሌላ ሰው ይያዘው፤ አለበለዚያ «ለዛሬ ይለፈኝ» የምትለዋ ቁልፍ ሁልጊዜ ታሸንፋለች። ቻርጀሩ ሳሎን ይደር፣ ለመነሻ ተራ የደወል ሰዓት ይገዛ። (የሌሊት ዳታ ጥቅል ርካሽ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ሂሳቡን በእንቅልፉ ይከፍላል።)

ከባዱ ግን ስልኩ ድብርትን ወይም ብቸኝነትን መሸሸጊያ ሲሆን ነው። ድብርት ወደ ስልክ ይገፋል፤ የተዛባው እንቅልፍና ራስን ከሌላው ኑሮ ጋር ማወዳደሩ ደግሞ ድብርቱን ያባብሰዋል። አፑን ብቻ ያጠፋ ሰው ባዶ ሰዓቱ ላይ ይወድቅና በሳምንቱ መልሶ ይጭነዋል። ለሦስት ቀን ስልኩን ከመክፈታችሁ በፊት የተሰማችሁን በአንድ ቃል ጻፉ፦ ድብርት፣ ፍርሃት፣ ሥራ መሸሽ። በብዛት የሚመጣበትን ሰዓት ለይታችሁ እዚያው ሰዓት ላይ ከሰው ጋር የተቀጠረ ነገር አስገቡ። ለብቻችሁ ለማድረግ ያሰባችሁት በቀላሉ ይቀራል፤ የሚጠብቃችሁ ሰው ካለ ግን መቅረት ያሳፍራል። ሙሉ በሙሉ መተውም ግድ አይደለም። በፔንሲልቫኒያ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን ለእያንዳንዳቸው በቀን 10 ደቂቃ የወሰኑ ተማሪዎች በ3 ሳምንት ብቸኝነታቸው ቀንሷል፤ ድብርታቸው ከባድ የነበረው ደግሞ እሱም ቀሎላቸዋል።

ሐዘኑ፣ የእንቅልፍ እጦቱ ወይም የምግብ ፍላጎት ማጣቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል፤ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ካለ በዚያው ቀን። ስትሄዱ የስልኩን የአጠቃቀም መዝገብ አሳዩ፤ ሌሊት ስንት ሰዓት ላይ እንደተከፈተ ስለሚያሳይ ሐኪሙ እንቅልፉ የት እንደሚሰበር ከዚያ ያያል።